ዶክተር ማርቲን ሉተር፤ መዝሙር በትምህርት ቤትና በኀዘን ቤት



ስለ ዶክተር ማርቲን ሉተር በየጉባኤያችን ብዙ ጊዜ ሰምተናል። በ1517 ስለ ጻፋቸው 95 ነጥቦች፥ በ1521 በዎርምስ ከተማ በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ስለ መቆሙ፥ መጽሐፍ ቅዱስንም ወደ ጀርመን ቋንቋ ስለ መተርጐሙ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች እንኳ ያውቃሉ። ነገር ግን ይኸው ሰው ልጆች ሁሉ ዜማ እንዲማሩ ሲከራከር የኖረ፥ የራሱም ልብ በጨለማ በተያዘ ጊዜ መዝሙርን እንደ መድኃኒት የፈለገ መሆኑን የምናስተውል ጥቂቶች ነን። ዛሬ ልናነሣው የወደድነው ይህን የሕይወቱን ክፍል ነው።

ይህንም ያለ ምክንያት አልመረጥነውም። በየትምህርት ቤቱ ጊዜና ገንዘብ ባነሰ ቍጥር አስቀድሞ የሚቀረው የዜማና የሥዕል ሰዓት ነው። ልቡ የተሰበረም ሰው በሩን ዘግቶ ብቻውን ሲቀመጥ ጊዜ ያድነዋል እየተባለ ይተዋል። የሉተር ሕይወት ለሁለቱም ነገር የሚናገረው አለው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው በአውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

ማርቲን ሉተር ኖቬምበር 10 ቀን 1483 በአይስሌበን ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐንስ በማንስፌልድ አገር የመዳብ ማዕድን ሥራ የያዘ ብርቱ ሰው ነበረ። ልጁ በማንስፌልድ ትምህርት ቤት ገብቶ ላቲን መማር ጀመረ፤ የዚያ ዘመን ትምህርት ግን በዱላ የሚሰጥ ነበረ። ሉተር ሸምግሎ ሳለ እንደ ተናገረው፥ በአንድ ማለዳ ብቻ 15 ጊዜ ተገርፎአል፤ የተገረፈውም ያልተማረውን ነገር ባለማወቁ ነበረ። ይህን ግርፋት እስከ ሽምግልናው አልረሳውም።

በዚያው በልጅነቱ ዘመን ግን ሌላ ነገር ደግሞ አገኘ። በ1497 ወደ ማግደቡርግ፥ በሚከተለው ዓመት ወደ አይዘናኽ ለትምህርት ተላከ። በዚያ ከጓደኞቹ ጋር ከበር ወደ በር እየዞረ በመዘመር እንጀራውን ይለምን ነበር። የእኛ አገር ሰው ይህን ሲሰማ የቆሎ ተማሪው ትዝ ይለዋል፤ እርሱም አኩፋዳውን አንግቶ፥ በየደጁ ቆሞ፥ የዕለት ምግቡን ለምኖ ሲማር ኖሮአልና። ሉተርም እንዲሁ ነበረ። ኡርሱላ ኮታ የምትባል ሴት በዝማሬውና በጸሎቱ ልቧ ተነክቶ በማዕድዋ እንደ ተቀበለችው ይተረካል። እንግዲህ ዱላ የነፈገውን ደስታ ዝማሬ ሰጠው ብንል ከእውነት አንርቅም።

በ1501 ወደ ኤርፉርት ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያ ዘመን ሙዚቃ ከሒሳብ፥ ከጂኦሜትሪና ከሥነ ፈለክ ጋር ከሰባቱ ነጻ ጥበባት እንደ አንዱ ይቈጠር ነበርና በትምህርቱ ውስጥ አገኘው። ተማሪ ሳለም በመንገድ ላይ በገዛ ሰይፉ ጭኑን ቈረጠና ብዙ ደም ፈሰሰው። ቍስሉ እስኪድን ድረስ በአልጋ ላይ ተኝቶ ሳለ፥ ሉት የሚባለውን ባለ አውታር የዜማ ዕቃ ያለ አስተማሪ መምታት ለመደ። በ1505 ወደ አውግስጢኖሳውያን ገዳም ገብቶ መነኰሰ። በገዳሙም ሌሊትና ቀን በየሰዓቱ መዝሙረ ዳዊትን በዜማ አደረሰ። በሕይወቱ ዘመን ሁሉ ከአፉ ያልጠፉትን መዝሙራት በልቡ የተከለው ይህ የገዳም ዜማ ነው።

የተሐድሶው ሥራ ከተጀመረ በኋላ ስለ ጥበባት ትልቅ ክርክር ተነሣ። በ1521 መጨረሻና በ1522 መጀመሪያ ሉተር በቫርትቡርግ አምባ ተሸሽጎ ሳለ፥ በዊተንበርግ አንዳንዶች ሥዕሎችን ከአብያተ ክርስቲያናት ነቅለው ጣሉ፤ ኦርጋንና ብዙ ድምፅ ያለበት ዝማሬም ለአምልኮ አይገባም የሚሉ ተነሡ። ሉተር በማርች 1522 ከአምባው ወርዶ ስምንት ቀን በተከታታይ ሰበከ፤ ነገሩንም በቃል እንጂ በኀይል እንዳያደርጉ መክሮ ከተማይቱን አረጋጋ። በስዊስ አገር በዙሪክ ከተማ የነበረው ኡልሪክ ዝቪንግሊ ብዙ የዜማ መሣሪያዎችን አሳምሮ የሚመታ ሰው ነበረ፤ ሆኖም በጉባኤ አምልኮ ዜማ እንዲቀር አደረገ፤ በ1527ም ኦርጋኑ ፈረሰ። በዚያች ከተማ ቤተ ክርስቲያን ዝማሬ የተመለሰው በ1598 ነው። ሉተር ግን ሌላ መንገድ ያዘ። ወንጌል ጥበባትን ሊያጠፋ አልመጣም ብሎ አመነ፤ ጥበባት ሁሉ፥ ይልቁንም ዜማ፥ የሰጣቸውንና የፈጠራቸውን ጌታ እንዲያገለግሉ ወደደ።

መዝሙር መጻፍ የጀመረው ከኀዘን የተነሣ ነው። በጁላይ 1 ቀን 1523 ከእርሱ ማኅበር የሆኑ ሁለት ወጣት መነኰሳት ስለ እምነታቸው በብራስልስ ከተማ በእሳት ተቃጠሉ። ወሬው ዊተንበርግ በደረሰ ጊዜ ሉተር እጅግ አዘነ፤ ያንንም ሞት የሚተርክ መዝሙር ደረሰ። ከዚያ በኋላ እየጨመረ ሄደ። በ1524 ስምንት መዝሙራት ያሉበት ትንሽ መጽሐፍ ታተመ፤ ከስምንቱ አራቱ የእርሱ ነበሩ። በዚያው ዓመት ወዳጁ ዮሐን ቫልተር በብዙ ድምፅ የሚዘመር መጽሐፍ አዘጋጀ። በዚህ ውስጥ 38 የጀርመንና 5 የላቲን ዝማሬዎች ሲኖሩ፥ ከጀርመንኛዎቹ 24ቱ የሉተር ድርሰቶች ነበሩ። በሕይወቱ በጠቅላላው ከ30 በላይ መዝሙሮችን ደርሶአል።

አንባቢ ሆይ፤ ይህ የቫልተር መጽሐፍ ለማን እንደ ተዘጋጀ አስተውል። ሉተር በመቅድሙ እንደ ገለጠው፥ ስለ ወጣቶች የተዘጋጀ ነው። ወጣት ያለ ዝማሬ አይኖርም፤ መልካሙን ካልሰጡት ክፉውን ከመንገድ ያነሣል። ስለዚህ ሉተር ወጣቶችን ከዘፈን በመከልከል ብቻ አልረካም፤ በዚያ ፋንታ የሚሻል ዜማ በአፋቸው አኖረ፤ መልካሙንም ነገር ለዕድሜያቸው እንደሚስማማ በደስታ እንዲማሩት አሰበ። መከልከልን ብቻ ለለመድን ለእኛ ይህ ታላቅ ምክር ነው።

በዚያው በ1524 ለጀርመን ከተሞች ሹማምንት ሁሉ ትምህርት ቤቶችን እንዲያቋቍሙ የሚማጸን ጽሑፍ አወጣ። በዚህ ጽሑፍ ስለ ራሱ ሲናገር፥ ልጆች ቢኖሩት ቋንቋንና ታሪክን ብቻ ሳይሆን መዝሙርንና ሙዚቃን ከመላው ሒሳብ ጋር ሊያስተምራቸው እንደሚወድ ገለጠ። እርሱም በወጣትነቱ ቅኔንና ታሪክን በብዛት የሚያስተምረው ባለማግኘቱ ተጸጸተ። በ1528 ሜላንክቶን ጽፎት ሉተር መቅድም ያደረገበት፥ አብያተ ክርስቲያናትንና ትምህርት ቤቶችን ለሚጐበኙ ሰዎች የተሰጠው መመሪያ ይህን ሐሳብ ሥርዓት አደረገው፤ ከቀትር በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሰዓት በየቀኑ ታናናሾቹም ታላላቆቹም ልጆች ሁሉ ዜማ የሚለማመዱበት እንዲሆን አዘዘ። ድምፃቸው ያማረ ልጆች ብቻ ተለይተው ይማሩ አላለም። መዘመር የማይችለውንም መምህር ሉተር እንደ ሙሉ መምህር አልቈጠረውም፤ ወጣቶችም በትምህርት ቤት ዜማን ሳይለማመዱ ወደ ስብከት ሥራ እንዲገቡ አልወደደም።

ይህ ሁሉ ያለ ፈተና አልሆነም። በ1525 የሳክሶኒው መስፍን ፍሬደሪክ ሞተና ወንድሙ ዮሐንስ ተተካ። አዲሱ መስፍን የቤተ መንግሥቱን የመዘምራን ማኅበር በተነ። ቫልተርም ሥራ አጥ ሆነ። ሉተርና ሜላንክቶን በ1526 ስለ እርሱ ለመስፍኑ ጽፈው ለመኑ፤ ማኅበሩ ግን እንደ ቀድሞው አልተመለሰም። ቫልተር ግን አልታከተም። በቶርጋው ከተማ ነጋዴዎችንና የእጅ ሥራ ሠራተኞችን ከትምህርት ቤት ልጆች ጋር አንድ አድርጎ አዲስ የመዘምራን ማኅበር አቋቋመ፤ በትምህርት ቤቱም ዜማን አስተማረ። የመስፍን ገንዘብ የተወውን የከተማው ሕዝብ በድምፁ አነሣው። በኦክቶበር 1544 ሉተር በቶርጋው አዲሱን የአምባ ቤተ ጸሎት ሲመርቅ፥ ቫልተር ለዚያ ቀን የደረሰውን ዜማ አሰምቶአል።

እስካሁን ስለ ትምህርት ቤት ተናገርን፤ አሁን ወደ ኀዘን ቤት እንግባ። ሉተር በሰው ፊት እንደ አለት የጸና ሲመስል፥ በውስጡ ግን ብዙ ጊዜ በከባድ ጭንቀት ይያዝ ነበር። በጁላይ 1527 እስከ ሞት ታመመ። በዚያው ዓመት ወረርሽኝ ዊተንበርግን መታ፤ ዩኒቨርሲቲው ወደ የና ሲሸሽ እርሱና ነፍሰ ጡር ሚስቱ ካታሪና ሕሙማንን ሊረዱ ቀሩ። በዲሴምበር የተወለደችው ልጃቸው ኤልሳቤጥ በኦገስት 1528 በሕፃንነትዋ ሞተች። ከመዝሙረ ዳዊት 46ኛው (በጥንቱ ቍጥር 45ኛው) ተነሥቶ እግዚአብሔርን እንደ ጽኑ አምባ የሚያመሰግነው ዝነኛ መዝሙሩ በእነዚህ ዓመታት፥ ከ1527 እስከ 1529 ባለው ጊዜ፥ እንደ ተደረሰ ይገመታል። ስለዚህ ያን መዝሙር እንደ ድል ነሺ ሠራዊት ዜማ ብቻ አንቍጠረው፤ የታመመ ሰውና ያዘነ አባት ከጨለማ ውስጥ ያነሣው ድምፅም ነው።

ሐኪሙ የነበረው ማቴዎስ ራትሰበርገር ጽፎ ካቈያቸው ታሪኮች አንዱ እንዲህ ይላል። አንድ ቀን ዜማ አዋቂ የሆኑ ወዳጆቹ ሊጠይቁት መጥተው በሩን ተዘግቶ አገኙት፤ ቢያንኳኩም መልስ አጡ። በቀዳዳ ቢመለከቱ ራሱን ስቶ በምድር ላይ ወድቆአል። በሩን በግድ ከፍተው አነሡትና መዘመርና መሣሪያቸውን መምታት ጀመሩ። ሉተር ቀስ በቀስ ነፍሱን ገዛ፤ ፊቱም በራ፤ በኋላም አብሮአቸው ዘመረ፤ እንዲህ ያለ ነገር በደረሰበት ጊዜ ሁሉ ሳይዘገዩ እንዲመጡለትም ለመናቸው። ወዳጆቹ በዚያ ሰዓት በብዙ ምክር አላደከሙትም። ዘመሩ እንጂ።

በ1530 የአውግስቡርግ ጉባኤ ሲደረግ ሉተር ከኤፕሪል እስከ ኦክቶበር በኮቡርግ አምባ ተቀመጠ። ራሱን ያመው ነበር፤ ጆሮውም ይጮኽ ነበር፤ የአባቱም መርዶ እዚያው ደረሰው። በዚያ ብቸኝነት ውስጥ ሆኖ ያደረጋቸውን ሁለት ነገሮች እናንሣ። አንደኛው፥ ለአራት ዓመት ልጁ ለሐንስ የላከው ደብዳቤ ነው። በደብዳቤው ስለ አንድ ውብ የአትክልት ቦታ ተረከለት፤ በዚያ የሚጸልዩና የሚማሩ ልጆች ፍሬ ይበላሉ፥ በትናንሽ ፈረሶች ይቀመጣሉ፥ ዋሽንትና ከበሮም ተዘጋጅቶላቸዋል። ጸሎትን፥ ትምህርትንና ዜማን በአንድ አጥር ውስጥ አኖራቸው። ሁለተኛው፥ ለዜማ ደራሲው ለሉድቪግ ዜንፍል የጻፈው ደብዳቤ ነው። ዜንፍል የሉተር ተቃዋሚዎች በነበሩት በባቫሪያ መሳፍንት ቤት ያገለግል ነበር፤ ሉተር ግን ስለ ዜማ ያለው ፍቅር ጠላትነቱን አሸንፎ፥ በሰላም ስለ መተኛት በሚናገረው የመዝሙር ቃል ላይ ዜማ እንዲልክለት ለመነው። ከነገረ መለኮት ቀጥሎ ልብን የሚያረጋጋና ደስ የሚያሰኝ እንደ ሙዚቃ ያለ ስጦታ እንደሌለም መሰከረለት።

በ1534ም በፍራይበርግ ከተማ ለነበረው ለኦርጋን መቺው ለማትያስ ቬለር ጻፈለት። ይህ ሰው ለሌሎች የሚያጽናና ዜማ እየመታ የራሱ ልብ ግን በኀዘን ይጠወልግ ነበር። ሉተር የሰጠው ምክር በሁለት ይጠቀለላል። መጀመሪያ፥ ብቻውን ከሐሳቡ ጋር እንዳይታገል፥ የወንድሞቹን የማጽናኛ ቃል ከእግዚአብሔር እንደ መጣ አድርጎ እንዲቀበል፤ ሁለተኛም፥ ጭንቀቱ በመጣ ጊዜ ተነሥቶ ወደ ትንሹ ኦርጋኑ እንዲሄድና ሐሳቡ እስኪያልፍ ድረስ ለጌታ እንዲመታና እንዲዘምር ነው። ዳዊት በሳኦል ፊት በገና እንደ መታ፥ ኤልሳዕም ትንቢት ከመናገሩ በፊት በገና ደርዳሪ እንዳስጠራ ሉተር ያውቅ ነበርና።

በቤቱም ያስተማረውን ይሠራ ነበር። በ1525 ካታሪናን አግብቶ ስድስት ልጆች ወለደ፤ ከእራት በኋላ ከልጆቹ፥ ከተማሪዎቹና ከእንግዶቹ ጋር ይዘምር ነበር። ለገና ቀን ለልጆቹ የደረሰው የመላእክት የምሥራች መዝሙር በ1535 ሲታተም ዜማው ከሕዝብ ጨዋታ የተወሰደ ነበረ፤ በ1539 አዲስ ዜማ ወጣለት።

የዚህ ሁሉ ትምህርት ፈተና የመጣው በ1542 ነው። በኦገስት ወር 16 ዓመት የሆነውን ሐንስን ሰዋስውና ዜማ እንዲማር ወደ ቶርጋው ላከው፤ ሰዋስውን ከመምህር ማርቆስ ክሮዴል፥ ዜማን ከወዳጁ ከቫልተር እንዲማር ነበር። ጥቂት ሳምንት ሳይቈይ የ13 ዓመት ልጁ ማግዳሌና በጽኑ ታመመች፤ ወንድምዋንም ናፈቀች። ሉተር ለመምህሩ ጽፎ፥ ምክንያቱን ሳይነግረው ልጁን በሠረገላ እንዲልክለት ለመነ። ሐንስም መጣ። ማግዳሌና በሴፕቴምበር 20 ቀን በአባትዋ እቅፍ ዐረፈች። ሉተር ከጥቂት ቀን በኋላ ለወዳጁ ለዮስቱስ ዮናስ ሲጽፍ፥ ልጂቱ ወደ ጌታ ስለ ሄደች ማመስገን እንደሚገባቸው፥ ነገር ግን እርሱና ሚስቱ ያለ ለቅሶ ይህን ማድረግ እንዳልተቻላቸው አልሸሸገም።

በዚያው በ1542 ለቀብር የሚሆኑ የመዝሙራት መጽሐፍ በዊተንበርግ ታተመ፤ ሉተርም መቅድም ጻፈለት። በመቃብር ፊት የትንሣኤን ተስፋ የሚናገር ዝማሬ እንዲሰማ ወደደ። እንግዲህ መዝሙር እንባን የሚከለክል ነገር እንዳይመስለን። ሉተር ዘመረ፤ አለቀሰም። መዝሙር የሚያደርገው ለቅሶው ተስፋ ቢስ እንዳይሆን፥ ያዘነውም ሰው ብቻውን እንዳይቀር ነው። ሐንስ ወደ ቶርጋው ከተመለሰ በኋላ የቤቱ ናፍቆት አስጨነቀው፤ አባቱ ግን ታግሦ በትምህርቱ እንዲጸና መከረው።

ሉተር ጻድቅ ነበረ፥ ነቀፋ የለበትም ብለን አንጽፍም። በ1525 በገበሬዎች ላይ፥ በ1543ም በአይሁድ ላይ የጻፋቸው ቃላት እጅግ ጨካኝ ነበሩ፤ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን በ1984 በቡዳፔስት ባደረገው ጉባኤ በአይሁድ ላይ የተነገረውን ያን ቃል በይፋ ነቅፎአል። ዜማ ብቻውን ልብን አያነጻም። መልካም ስጦታ ነው እንጂ አዳኝ አይደለም፤ ይህንም ሉተር ራሱ ያስተማረው ነው።

ሉተር በተወለደበት በአይስሌበን በፌብሩዋሪ 18 ቀን 1546 ዐረፈ። የዘራው ግን አልሞተም። በአይዘናኽ እርሱ በተማረበት ትምህርት ቤት፥ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ፥ በዚያች ከተማ በ1685 የተወለደው ዮሐን ሰባስትያን ባኽ ተማረ፤ ይህም ሰው ከ1723 እስከ 1750 በላይፕሲክ የትምህርት ቤት ልጆችን ዜማ እያስተማረ አምላኩን አገለገለ። በእኛም ዘመን የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ጽሕፈት ቤት በ2019 ከ3000 በላይ ጥናቶችን አስመርምሮ፥ ጥበባት ለአካልና ለአእምሮ ጤና፥ ለልጆችም እድገት እንደሚረዱ አስታውቆአል። ሉተር በትንሹ ኦርጋን አጠገብ የመከረውን ዛሬ ሐኪሞች በሌላ መንገድ ደረሱበት።

ስለዚህ፥ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፤ አባቶቻችን ዜማ ቤትንና ቅኔ ቤትን ከንባብ ቤት ቀጥለው የሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። መምህራን፥ የሰዓት ሰሌዳ ሲጠብባችሁ የዜማውን ሰዓት አታስቀሩ፤ ድምፁ የማያምረውንም ልጅ ከመዘምራን አታርቁት። ሽማግሌዎች፥ የጉባኤው ገንዘብ ሲያንስ የቶርጋውን ሕዝብ አስቡ። ወላጆችም ልጃችሁን ከክፉ ዘፈን ከከለከላችሁት በኋላ ምን እንደ ሰጣችሁት ጠይቁ። በሰፈራችሁም በሩን የዘጋ ያዘነ ሰው ካለ፥ ሐኪም የሚያስፈልገውን ወደ ሐኪም አድርሱት፤ እንዲሁ ግን አትተዉት። ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ፤ በሩን አንኳኩ፤ የምትናገሩትን ቃል ብታጡ ከአጠገቡ ተቀምጣችሁ የሚያውቀውን መዝሙር ቀስ ብላችሁ ዘምሩለት።